ግላይደሩ አልታዘዝ ሲል፦ ለአዲስ አበባ ከፍታ የተዘጋጀ ችግርና መፍትሄ

ሞተር የለውም። ከተዳፋት አፋፍ ላይ በእጅ ይወረወራል፤ ከዚያ በኋላ የሚያነሳውም የሚያስሮጠውም ተዳፋቱን ገፍቶ ሽቅብ የሚወጣው ነፋስ ብቻ ነው። እንዲህ ያለ ፈጣን የሪሞት ግላይደር ከፋብሪካ ሲመጣ የማስተካከያ ወረቀት አብሮት ይመጣል። ወረቀቱ ላይ የሰፈረው የክብደት፣ የፍላፕ (ከክንፉ ኋላ ወደ ታች የሚታጠፈው ክፍል) እና የኤሌቬተር (ጭራው ላይ ሆኖ አፍንጫውን ከፍ ዝቅ የሚያደርገው) ልክ ግን በአብዛኛው ለባህር ጠረፍና ለዝቅተኛ ኮረብታ አየር የተለካ ነው። ፒያሳ ወይም ካዛንቺስ ቤት ውስጥ ተገጣጥሞ እንጦጦን የመሰለ ከፍታ ላይ የሚወጣ ግላይደር የሚገባው ሌላ አየር ውስጥ ነው። ከዚህ በታች ካሉት ችግሮች ብዙዎቹ የሚነሱት ከዚሁ ነው፤ ሰው ግን መጀመሪያ የሚጠረጥረው ሪሞቱን ነው።

ቁጥሩን እናስቀምጠው። በባህር ወለል ላይ አንድ ሜትር ኩብ አየር 1.225 ኪሎ ግራም ይመዝናል። መሀል አዲስ አበባ፣ 2,355 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ በ20 ዲግሪ ሙቀት ወደ 0.90 ይወርዳል። ከ3,000 ሜትር በላይ በሆኑት የእንጦጦ፣ የወጨጫና የየረር አናቶች ደግሞ 0.85 አካባቢ ነው፤ ከባህር ወለሉ 30 በመቶ ያነሰ ማለት ነው። ስለዚህ ክንፉ ያንኑ ክብደት ለመሸከም 20 በመቶ ያህል ፈጥኖ መሄድ አለበት። በዚያው ልክ አዘንብሎ ሲዞር የመዞሪያው ሬዲየስ በ44 በመቶ ይሰፋል፤ ጠረፍ ላይ በ20 ሜትር የሚዞረው እዚህ 29 ሜትር ይፈልጋል። ሲያርፍ ይዞት የሚመጣው ጉልበትም እንዲሁ በ44 በመቶ ይበልጣል። እነዚህን ሦስት ቁጥሮች ያዙ፤ ደጋግመን እንመለስባቸዋለን።

ልኮቹን የምንሰጠው የክንፉ ርዝመት 3 ሜትር ገደማ፣ ባዶ ክብደቱ 2.3 ኪሎ፣ ስድስት ሰርቮ (መሪዎቹን፣ ማለትም የክንፉንና የጭራውን ተንቀሳቃሽ ክፍሎች፣ የሚያንቀሳቅስ ትንሽ መሣሪያ) ላለው፣ ኤፍ3ኤፍ በሚባለው የተዳፋት ፍጥነት ውድድር ለሚበረው ዓይነት ነው። ክንፉ 1.5 ሜትር ለሆነው አነስተኛ ግላይደር በሚሊ ሜትር የተሰጡትን የመሪዎች ልኮች በግማሽ ቀንሱ።

ስለ ቦታው አንድ ነገር እንበል። መሀል ከተማው ለመገጣጠሚያና ለጥገና እንጂ ለበረራ አይሆንም። ቤተ መንግሥቱ፣ የአፍሪካ ኅብረት ግቢ፣ ኤምባሲዎቹና የቦሌ አውሮፕላኖች መስመር ያሉት እዚሁ ነው፤ በሰዓት 150 ኪሎ ሜትር የሚሮጥ 3 ኪሎ ዕቃ ደግሞ ሰው ይገድላል። ከከተማ ውጪም ቢሆን ከኢትዮጵያ ሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣንና ከኢንፎርሜሽን መረብ ደኅንነት አስተዳደር ሳይጠየቅ፣ የአካባቢው አስተዳደርም ሳያውቀው አይነሳም። ዕቃው ከውጭ ከመምጣቱ በፊት መጠየቁ ደግሞ ጉምሩክ ላይ ከመጉላላት ያድናል።

ምልክት፦ ነፋሱ ፊት ላይ ይሰማል፣ ግላይደሩ ግን እየወረደ ይሄዳል

መጀመሪያ አቅጣጫውን ፈትሹ። ነፋሱ ተዳፋቱን ቀጥ ብሎ መምታት አለበት። በኤፍ3ኤፍ ደንብ ነፋሱ ከቀጥታው ከ45 ዲግሪ በላይ ካፈነገጠ ውድድሩ ይቆማል፤ ለእኛ ዓላማ ከ30 ዲግሪ በላይ ካፈነገጠ ሌላ ቦታ መፈለግ ይሻላል። የአዲስ አበባ ነገር እዚህ ላይ ነው። በበጋው ወራት፣ ከጥቅምት እስከ መጋቢት ገደማ፣ ያመዘነው ነፋስ ከምሥራቅ ይመጣል። የእንጦጦ ሸንተረር ግን ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ የተዘረጋና ወደ ከተማው፣ ወደ ደቡብ ፊቱን ያዞረ ነው። የምሥራቁ ነፋስ ሸንተረሩን ይዞ ይሮጣል እንጂ ሽቅብ አይገፋም። አናቱ ላይ ቆማችሁ ጃኬታችሁ እየተርገበገበ ግላይደሩ የሚወርደው ለዚህ ነው። በበጋ ፊቱን ወደ ምሥራቅ የሰጠ ተዳፋት ፈልጉ፤ ከከተማው በስተምዕራብ የሚገኘው ወጨጫ በዚያ በኩል የተሻለ ገጽታ አለው። እንጦጦ የሚሠራው ነፋሱ ወደ ደቡብ ሲያደላ፣ ወይም ፀሐይ ተዳፋቱን አሙቃ አየሩ ራሱ ሽቅብ ሲሳብ ነው። ያ ደግሞ ከረፋዱ 4 ሰዓት በፊት እምብዛም አይገኝም፤ ሌሊት የቀዘቀዘው አየር ጠዋት ገና ቁልቁል እየፈሰሰ ነውና።

ሁለተኛው ምክንያት የነፋሱ ልክ ነው። ፊታችሁ ወይም ሣሩ የሚነግራችሁን አትመኑ። እዚህ ከፍታ ላይ በሰከንድ 8 ሜትር የሚነፍስ ነፋስ የሚገፋው ጠረፍ ላይ 6.7 ሜትር የሚነፍሰውን ያህል ነው። ስለዚህ ደካማ የመሰላችሁ ነፋስ ሲለካ ጠንካራ ሆኖ ይገኛል። የእጅ የነፋስ መለኪያ ያዙ፤ አፋፉ ላይ እጃችሁን ከራስ በላይ ዘርግታችሁ ለአንድ ደቂቃ ለኩና አማካዩን ውሰዱ። ከ4 ሜትር በሰከንድ በታች ከሆነ ከባዱን ግላይደር አትወርውሩ።

ሦስተኛው ባላስት ነው፤ ማለትም ግላይደሩ እንዲፈጥን ክንፉ ውስጥ የሚጨመረው ክብደት። ወረቀቱ ለ8 ሜትር በሰከንድ ነፋስ «900 ግራም ጨምር» ቢል ጠቅላላው 3.2 ኪሎ ይሆናል። በሳሳው አየር ያንኑ ፍጥነት ለማግኘት የሚበቃው ክብደት የዚያ 70 በመቶ ነው፤ 3.2 ሲባዛ በ0.7፣ 2.24 ኪሎ። ይህ ባዶው ግላይደር ነው! ወረቀቱ 4.3 ኪሎ በሚልበት ኃይለኛ ቀን ደግሞ 3 ኪሎ፣ ማለትም 700 ግራም ባላስት በቂ መነሻ ነው። ከዚያ ተነስታችሁ 200 ግራም እየጨመራችሁ ሞክሩ። ግላይደሩ ከተዞረ በኋላ ፍጥነቱን መልሶ ለማግኘት የሚወስድበት ጊዜ መርዘም ሲጀምር የመጨረሻዋን 200 ግራም አውጡ።

ዛፍም አለ። የእንጦጦ ባህር ዛፍ ከአፋፉ ሥር ከቆመ ነፋሱን ይሰብረዋል። አንድ ረድፍ ዛፍ ከኋላው የቁመቱን አሥር እጥፍ ያህል ርቀት አየሩን ያምሰዋል፤ 15 ሜትር ዛፍ 150 ሜትር ማለት ነው። ከፊቱ ገላጣ የሆነ፣ ሣር ወይም ድንጋይ ብቻ ያለበት ተዳፋት ምረጡ። ጭላት ደግሞ ጥሩ መለኪያ ነው፤ ክንፉን ሳያራግብ አፋፉ ላይ ከተንሳፈፈ ሽቅብ ነፋስ አለ፣ እያራገበ የሚያልፍ ከሆነ ጠብቁ። ጭላቶቹ ባሉበት ከፍታ ግን በፍጥነት አትግቡ፤ ወፉም ግላይደሩም ይጎዳሉ።

ምልክት፦ ሲፈጥን ይጮሃል፣ ይንቀጠቀጣል

ድምፁን ለዩ። ፍጥነቱ ሲጨምር ቀጭን ሆኖ የሚወጣ ያልተቆራረጠ ፉጨት ክፍተት ነው፤ ክንፉ ከአካሉ የሚገናኝበትን መስመርና የሰርቮ ክዳኖቹን በቀጭን ግልጽ ናስትሮ ዝጉ፣ ያበቃል። ድንገት የሚነሳ፣ ወፍራም፣ ሸራ ሲቀደድ የሚሰማውን የመሰለ ጩኸት ግን ፍላተር ነው። ኤሌሮኑ (ክንፉ ጫፍ አካባቢ ያለው፣ ግላይደሩን ወደ ጎን የሚያዘነብለው መሪ)፣ ፍላፑ ወይም ጭራው በአየሩ ግፊት ራሱን እያወዛወዘ ነው፤ በሁለት ሦስት ሰከንድ ክንፍ ሊሰብር ይችላል።

አየር ላይ ሳለ ከሰማችሁ በድንገት አትሳቡ። ኤሌቬተሩን በለስላሳው ሳብ አድርጋችሁ አፍንጫውን ቀስ ብሎ አንሱት፣ ፍጥነቱ ይውረድ፣ ጩኸቱ ሲቆም በዝግታ አሳርፉ። «አንዴ ነው፣ አለፈ» ብሎ መቀጠል አይገባም። የመጀመሪያው ፍላተር ማጣበቂያውን ስለሚያላቅቀው ሁለተኛው በዝቅተኛ ፍጥነት ይመጣል።

ለምን እዚህ ቶሎ ይመጣል? ግላይደሩ ለአየሩ ግፊት የተለመደ ፍጥነት ላይ ያለ ሲመስል በእውነቱ 20 በመቶ ፈጥኖ እየሄደ ነው፣ ውዝዋዜውን የሚያረጋጋው አየርም ሳስቷል። ጠረፍ ላይ ሳይታወቅ ያልፍ የነበረ ልልነት እዚህ ይጋለጣል። ስለዚህ በመጀመሪያ የሚፈለገው ልልነት ነው።

ሪሞቱንና ሪሲቨሩን (ግላይደሩ ውስጥ ሆኖ የሪሞቱን ትእዛዝ የሚቀበለውን) አብሩ፤ ሰርቮዎቹ ቦታቸውን ይያዙ። የእያንዳንዱን መሪ የኋላ ጠርዝ በሁለት ጣት ይዛችሁ በቀስታ ከፍ ዝቅ አድርጉ። ኤሌሮንና ፍላፕ ላይ ከግማሽ ሚሊ ሜትር፣ ኤሌቬተር ላይ ከ0.3 ሚሊ ሜትር በላይ ሳይቃወም ከሄደ ልል ነው። ሌላ ሰው ጣቱን በሰርቮው ክንድ ላይ ያሳርፍ። ክንዱ አብሮ ከተንቀሳቀሰ ችግሩ ሰርቮው ውስጥ ነው፤ ጥርሱ ተበልቷል ወይም ክንዱን የያዘው ቪቴ ላልቷል። ክንዱ ቆሞ ከመሪው ጋር የሚያገናኘው ዘንግ ከተንቀሳቀሰ የፒኑ ቀዳዳ ሰፍቷል። ሰርቮው ራሱ ከመቀመጫው የሚነቃነቅ ከሆነ ደግሞ ማጣበቂያው ለቋል።

የሰፋን ቀዳዳ ለማዳን ቀጭኑን ሱፐር ግሉ አንድ ጠብታ አድርጉበትና ሙሉ በሙሉ ይድረቅ፤ ከዚያ ከፒኑ ጋር እኩል በሆነ መሰርሰሪያ፣ በማሽን ሳይሆን በእጅ እያዞራችሁ፣ ብሱት። ፒኑ ሲገባ በትንሹ መታገል አለበት። የተበላ የሰርቮ ጥርስ ሙሉውን ስብስብ መቀየር ይሻላል፤ አንዱን ብቻ ቀይሮ የተመለሰ ሰርቮ ቶሎ ይላላል። የለቀቀውን ሰርቮ በሁለት ፊት በሚለጠፍ ናስትሮ አትመልሱት፣ ፀሐይ ሲመታው ይለሰልሳል። የክንፉን ውስጥ በ120 ቁጥር የብርጭቆ ወረቀት ሻክሩት፣ በአልኮል ጥረጉት፣ ሰርቮውን አንድ ዙር በናስትሮ ጠቅልላችሁ በኢፖክሲ (ሁለት ፈሳሽ ተደባልቆ በሚደርቅ ማጣበቂያ) አጣብቁት። ናስትሮው የሚያስፈልገው ሌላ ጊዜ ሰርቮው ሳይሰበር እንዲወጣ ነው።

የክንዱ ርዝመት ላይ በጣም ብዙ ሰው ይሳሳታል። በሰርቮው ክንድ ላይ ውጨኛውን ቀዳዳ መርጦ፣ መሪው ከመጠን በላይ ሲሄድ በሪሞቱ ጉዞውን ወደ 50 በመቶ መቀነስ ልልነቱን በእጥፍ ያጎላዋል፣ የሰርቮውንም ጉልበት ያባክናል። ትክክሉ ግልባጩ ነው፦ ሰርቮው ላይ አጭር፣ መሪው ላይ ረጅም። ሰርቮው ላይ 8 ሚሊ ሜትር፣ መሪው ላይ 12 ሚሊ ሜትር ስታደርጉ መሪውን የሚይዘው ኃይል በአንድ ተኩል እጥፍ ይጨምራል። የሪሞቱ ጉዞ 100 በመቶ አካባቢ ሆኖ የሚፈለገው ልክ የሚገኝበትን ቀዳዳ ፈልጉ።

ወደ ጭራ የሚሄደው ረጅም ዘንግም ይፈተሽ። ኤሌቬተሩን በእጅ አግታችሁ በሪሞቱ ስታዝዙት ዘንጉ መሀሉ ላይ ከጎበጠ፣ በየ15 እና 20 ሴንቲ ሜትሩ የስፖንጅ ደጋፊ አስገቡለት።

ሁሉም ጠብቆ አሁንም ከጮኸ ክንፉን መርምሩ። በሳንቲም ጫፍ ከአካሉ ወደ ጫፉ ቀስ በቀስ መታ መታ አድርጉት። ጥርት ያለው ድምፅ ድንገት ታፍኖ ከወጣ ቆዳው ከውስጡ ተላቋል፤ ያ ክንፍ ሳይጠገን አይወረወርም።

ምልክት፦ ሲዞር ይገለበጣል፣ ወይም ከዞረ በኋላ ፍጥነቱ ይሞታል

ሁለቱ አንድ አይደሉም። ወደ አንድ ጎን ድንገት ከወደቀ የክንፉ ጫፍ አየሩን ለቋል። አፍንጫው ከፍ ብሎ ዝም ብሎ ከደከመ ደግሞ ፍሬን በዝቷል።

የመገልበጡ መነሻ ዓይናችን ነው። አብራሪ ፍጥነትን የሚገምተው በማየት ነው፤ በሰዓት 120 ኪሎ ሜትር ሲሮጥ የምናየው ግላይደር ግን እዚህ ጠረፍ ላይ ከሚያገኘው የመሸከም አቅም 30 በመቶ ያንሰዋል። እዚያ የለመዱትን ያህል ሲስቡት ክንፉ ይለቃል። ኤሌቬተሩ ወደ ላይ 8 ሚሊ ሜትር የሚሄድ ከሆነ ወደ 6 አውርዱት፣ 30 በመቶ ኤክስፖ (ትናንሽ ትእዛዞችን የሚያለሰልስ የሪሞት ቅንብር) ጨምሩ፣ መዞሪያውንም አስፉ። ያንን የ29 ሜትር ሬዲየስ አስታውሱ፤ ከአፋፉ ርቃችሁ መዞር ስትጀምሩ ቦታውን አስቀድማችሁ ተዉለት። ኤሌሮኑ ወደ ላይ 18 ሚሊ ሜትር ከሄደ ወደ ታች 9 ብቻ ይሂድ፤ ወደ ታች ሲበዛ አፍንጫውን ከሚዞርበት ወደ ተቃራኒው ጎን ይጎትተዋል።

ፍጥነቱ የሚሞተው በአብዛኛው ኤሌቬተር ሲሳብ ፍላፕ አብሮ ዝቅ እንዲል የሚደረገው ቅንጅት ሲበዛ ነው። ይህ ቅንጅት በሳሳ አየር በጣም ይጠቅማል፣ አታጥፉት። ግን ኤሌቬተሩ ሙሉ ሲሳብ 3 ሚሊ ሜትር ዝቅታ ይጀምሩበት፣ 5 ላይ ይቁም። ከዚያ በላይ ፍሬን ነው። የሪሞቱ መያዣ ሲሶ እስኪሳብ ድረስ ምንም እንዳይንቀሳቀስ አድርጉት፤ ካልሆነ ቀጥታ ሲበር የምታደርጓት ትንሽ እርማት ሁሉ ፍላፑን ትነካለች።

ምልክት፦ አፍንጫው ይወዛወዛል፣ ወይም ቀጥ ብሎ መሮጥ ያቅተዋል

የስበት ማዕከሉን፣ ማለትም ግላይደሩ ፊትና ኋላ ሚዛኑን የሚይዝበትን ነጥብ፣ ሳትፈትሹ ሌላ ነገር አትንኩ። ከወረቀቱ ልክ ተነሱ፣ ከዚያ አየር ላይ ፈትሹት። ከአፋፉ 60 ሜትር ያህል ከፍ አድርጉት፣ እጅ ሳይነካው ቀጥ ብሎ እንዲበር ትሪም አድርጉ (በሪሞቱ ጥቃቅን ማስተካከያ አስተካክሉ)፣ 45 ዲግሪ ቁልቁል አዘንብላችሁ እጃችሁን ልቀቁ። በቀስታ ራሱን ካነሳ ልኩን አግኝቷል። በኃይል ከተነሳ አፍንጫው ከብዷል። ይበልጥ ቁልቁል ከገባ ጭራው ከብዷል፤ ቶሎ አንሱት።

ለ2.3 ኪሎ ግላይደር ከማዕከሉ 300 ሚሊ ሜትር ፊት ላይ 8 ግራም መጨመር ማዕከሉን 1 ሚሊ ሜትር ወደፊት ያመጣል። ስለዚህ በ5 እና በ10 ግራም ይሠራል፣ በ50 ግራም አይደለም። ጎሚስታ ዘንድ ለጎማ ባላንስ የሚለጠፈው እርሳስ በ5 እና በ10 ግራም የተከፋፈለ ስለሆነ ለዚህ ሥራ እጅግ ምቹ ነው። አንዴ በናስትሮ ሞክሩት፣ ልኩ ሲገኝ በኢፖክሲ አጽኑት፤ አፍንጫ ውስጥ የሚንከባለል እርሳስ ሪሲቨር ይሰብራል።

ወረቀቱ «ለውድድር» ብሎ ከሚሰጠው የኋለኛ ልክ 1 ወይም 2 ሚሊ ሜትር ወደፊት ማድረግን እንመክራለን። በዚህ አየር የአፍንጫውን ውዝዋዜ የሚያበርደው የጭራ ግፊት ስለሚቀንስ፣ ጠረፍ ላይ ስሜት የሚሰጠው ልክ እዚህ ይቅበጠበጣል። ባላስት ከጫናችሁ በኋላም ማዕከሉን እንደገና ለኩ። ባዶውን ተስተካክሎ ሲጫን ከተዛባ የባላስቱ ቀዳዳ ከማዕከሉ ፊት ወይም ኋላ ስለሆነ ነው፤ ማካካሻ ቁራጭ አብሮት ይቀመጥ።

ምልክት፦ ለአፍታ አልታዘዝ ይላል፣ ይመለሳል

ሁሉም መሪዎች በአንድ ጊዜ ደርቀው ከሰከንድ ወይም ከሁለት ሰከንድ በኋላ ከተመለሱ፣ ሪሲቨሩ ኃይል አጥቶ ጠፍቶ በርቷል። ወደ አንድ አቅጣጫ ሲዞር ብቻ ከሆነ አንቴናው ተጋርዷል። አንድ ሰርቮ ብቻ ከተንቀጠቀጠ ሽቦው ወይም ሰርቮው ነው።

ኃይሉን እንዲህ ፈትሹ። ቴስተሩን ባትሪው ላይ አድርጉ፣ ሌላ ሰው ሁሉንም መሪዎች በፍጥነት ያመላልስ። ከ0.6 ቮልት በላይ ከወረደ ባትሪው ደክሟል ወይም ማገናኛው ኦክሳይድ ይዟል። ከአሮጌ ላፕቶፕ የወጣ 18650 ሴል መርካቶ በርካሽ ይገኛል፤ ለባትሪ መብራት ይሁን፣ ለግላይደር ግን አይሁን። ቴስተር ላይ ሙሉ መስሎ ስድስት ሰርቮ ባንዴ ሲጎትቱት ይወድቃል። ሁለት ሴል ያለው ሊቲየም ሙሉ ሲሆን 8.4 ቮልት ነው። ማታ መብራት ሄዶ ቻርጁ ተቋርጦ ሊሆን ስለሚችል ጠዋት ሳትለኩ አትውጡ፤ ከ7.6 በታች ከሆነ አይወረወር፣ 7.2 ሲደርስ ይረፍ። በኅዳርና በታኅሣሥ ጠዋት አናቱ ላይ ብርድ ስለሆነ ባትሪውን እስከ መጨረሻው ደቂቃ የውስጥ ኪስ ውስጥ ያዙት።

የካርቦን አካል የ2.4 ጊጋ ኸርዝ ሞገድ አያሳልፍም። የሪሲቨሩ አንቴና ጫፍ ላይ ያለው፣ መከለያው የተገፈፈው 31 ሚሊ ሜትር ከአካሉ ውጪ መሆን አለበት፤ ሁለቱ ጫፎች እርስ በርስ 90 ዲግሪ ይስሩ። የርቀት ፈተናውን ቤት ውስጥ አታድርጉ፤ በመሀል ከተማ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ያለው የዋይፋይ ብዛት ውጤቱን ያሳስታል። ተዳፋቱ ላይ፣ በሪሞቱ የፈተና ሁነታ፣ 30 እርምጃ ርቃችሁ፣ ረዳታችሁ ግላይደሩን በትከሻ ከፍታ ይዞ ቀስ ብሎ እየዞረ ፈትሹት። ሞገዱ ሲቋረጥ ደግሞ ፍላፑ እንዲወርድ፣ ኤሌሮኑ ከፍ እንዲልና በትንሹ እንዲዞር ፌልሴፉን ሙሉት። ባዶ የተተወ ፌልሴፍ ያለው ግላይደር ወደ ከተማው ሊሄድ ይችላል።

ምልክት፦ ሲያርፍ ይንሳፈፋል፣ ያልፋል፣ ወይም የፍላፕ ሰርቮ ይሰብራል

ጉልበቱ 44 በመቶ ስለበለጠ የማረፊያውን ሜዳ በእጥፍ አስቡት። ፍላፑ ከ60 እስከ 70 ዲግሪ ይውረድ፣ ኤሌሮኖቹ ከ12 እስከ 15 ሚሊ ሜትር ከፍ ይበሉ። ፍላፑ ሲወርድ አፍንጫው ከተነሳ ኤሌቬተሩ አብሮ ወደ ታች እንዲሄድ አድርጉ፤ 3 ሚሊ ሜትር ላይ ጀምሩ፣ አብዛኛውን ጊዜ ከ5 አያልፍም። ይህን ልክ ከፍ ብላችሁ አየር ላይ አስተካክሉት እንጂ መሬት አጠገብ አትሞክሩት። የፍላፕ ጥርስ የሚሰበረው የወረደው ፍላፕ ድንጋይ ወይም ሣር ሲመታ ስለሆነ፣ ግማሽ ሜትር ሲቀር ፍላፑን መልሱት። ከአፋፉ ኋላ ያለው አየር ወደ ታች ይሽከረከራል፤ እዚያ ዝቅ ብሎ ከመግባት ከጎን ገብቶ ነፋሱን ፊት ለፊት ይዞ ማረፍ ይሻላል።

ምልክት፦ ሲፈጥን ብቻ ወደ አንድ ጎን ይሄዳል

ግራና ቀኝ ፍላፖቹ ዜሮ ላይ እኩል አይደሉም። ግማሽ ሚሊ ሜትር ልዩነት በቀስታ ሲበር አይታይም፣ ሲሮጥ ይጎትታል። በትሪም አትሸፍኑት፤ የኋላ ጠርዞቹን ከክንፉ ሥር ጋር በቀጥታ ማስመሪያ አስተካክሉ። እኩል ከሆኑ የሁለቱን ክንፎች ባላስት መዝኑ።

ከጥገና በኋላ የሚመጣ ችግር

የተሰበረ ጭራ ተጠግኖ ግላይደሩ ድንገት የማይረጋጋ ከሆነ የጥገናው ክብደት ነው። ከማዕከሉ 1 ሜትር ኋላ የተጨመረ 1 ግራም፣ 300 ሚሊ ሜትር ፊት 3.3 ግራም ይጠይቃል። 20 ግራም ኢፖክሲ ጭራው ላይ ያፈሰሰ ሰው አፍንጫው ላይ 66 ግራም እርሳስ ሊጭን ነው። ስብራቱን ከግራና ቀኝ 40 ሚሊ ሜትር በ120 የብርጭቆ ወረቀት ሰያፍ አድርጋችሁ ሞርዱ፣ በካሬ ሜትር 80 ግራም የሆነ የፋይበር ግላስ ጨርቅ ሁለት ድርብ አልብሱት፣ ሁለተኛው ከመጀመሪያው 10 ሚሊ ሜትር ይርዘም። ትርፉን ኢፖክሲ በሶፍት ምጠጡት፤ ጨርቁ የሚያንጸባርቅ ሳይሆን እርጥብ ብቻ መምሰል አለበት። የአምስት ደቂቃውን ኢፖክሲ ለዚህ አትጠቀሙ፣ ሙቀት አይችልም።

ግላይደሩን በተዘጋ መኪና ውስጥ ፀሐይ ላይ አትተዉ። በክፍል ሙቀት የደረቀ ኢፖክሲ ከ50 እስከ 60 ዲግሪ ላይ መለስለስ ስለሚጀምር ክንፉ ይጣመማል፤ ለዚያ መድኃኒቱ አዲስ ክንፍ ነው። ማታ ማታ ሲበርድ ደግሞ ኢፖክሲው ይዘገያል። በኅዳር ቅዝቃዜ «24 ሰዓት» የተባለው ሁለት ቀን ሊፈልግ ይችላል፤ ከተጠገነው አጠገብ ትንሽ የተረፈ ድብልቅ በካርቶን ላይ አስቀምጡና በጥፍር ስትጫኑት ምልክት መያዝ ሲያቆም ግላይደሩን ገጣጥሙት።